«ነገ ማለዳ እንውጣ» ለሚሉ ሞተረኞች

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የሚያጠነጥኑ ናቸው፦ ጓደኛሞች ማታ ተሰብስበው በወሬ መካከል ስለሚወስኑት፣ ከብዙ ቀን በፊት ስላልታሰበበት የሩቅ መንገድ የሞተር ሳይክል ጉዞ። መድረሻን፣ ማደሪያንና የመመለሻን ቀን ሳይቆርጡ መውጣት ነውር የለበትም። መንገዱ ሳይታቀድ ሊቀር ይችላል፤ ሞተር ሳይክሉ ግን ሳይታይ፣ በጓደኛሞቹ መካከልም ጥቂት ነገሮች ሳይወሰኑ መውጣት የለበትም። ከታች ያሉት መልሶች በሙሉ ከዚህ እምነት የተነሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ አምስት ጓደኛሞች ነን። ማታ ተነጋግረን ጠዋት የመነሳት ልማድ አለን። ጋራዥ ለመግባት ጊዜ የለንም። በአንድ ሰዓት ውስጥ በራሳችን ምን ምን እንይ?

መልስ፦ መጀመሪያ፣ ፍተሻውን ማታውኑ አድርጉት። ጠዋት የተገኘ ብልሽት ወይ ጉዞውን ያስቀራል ወይ «ይሁን፣ ምንም አይል» ያሰኛል፤ አደገኛው ሁለተኛው ነው።

ከጎማ ጀምሩ። የአየር ግፊት የሚለካው ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ፣ ማለትም ሞተር ሳይክሉ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ከቆመ በኋላ ነው። ትክክለኛው ቁጥር በሰንሰለቱ መከለያ አካባቢ በተለጠፈው ወረቀት ወይም በመመሪያ መጽሐፉ ላይ ይገኛል። በጎማው ጎን ላይ የተቀረጸው ጎማው ሊሸከም የሚችለው ከፍተኛ ግፊት እንጂ መሞላት ያለበት ልክ አይደለም፤ ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። በግምት ትናንሽ ሞተር ሳይክሎች ከ25 እስከ 33 ፒ.ኤስ.አይ (የአየር ግፊት መለኪያ)፣ ትልልቅ የጉዞ ሞተር ሳይክሎች ደግሞ ከፊት እስከ 36፣ ከኋላ እስከ 42 ፒ.ኤስ.አይ ይሞላሉ። ዕቃ ወይም ሰው ከጫናችሁ «ሙሉ ጭነት» በሚለው ረድፍ ያለውን ያዙ። መለኪያዎች እርስ በርሳቸው ስለሚለያዩ አምስታችሁም በአንድ መለኪያ ለኩ።

የጎማው ጥርስ ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ለረጅም መንገድ አይበቃም። በጎማው ጎን ከተጻፉት መካከል ባለ አራት አኃዙን ቁጥር ፈልጉ፤ 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። አምስት ዓመት ያለፈው ጎማ በጥንቃቄ ይታይ፤ በጥርሶቹ መካከልና በጎኑ ላይ ስንጥቅ ካለ፣ ጥርሱ ምንም ያህል ቢቀረው አትመኑት።

ቀጥሎ ሰንሰለት። በሁለቱ ባለ ጥርስ ክቦች መካከል፣ በታችኛው መስመር እኩሌታ ላይ በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ሲንቀሳቀስ ጨዋታው በአብዛኞቹ የአስፋልት ሞተር ሳይክሎች ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሞላቸው ረጅም በሆኑት ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። የኋላውን ጎማ እያዞራችሁ በሦስትና በአራት ቦታ ለኩ፤ አንዱ ጋ ጠብቆ ሌላው ጋ ከላላ ሰንሰለቱ እኩል አልተበላም ማለት ነው። ሲለካ በጣም በጠበቀበት ቦታ ይስተካከል። የጠበቀ ሰንሰለት ከላላው የከፋ ጉዳት አለው፦ ጭነት ተጭኖ ሞላው ሲወርድ ሰንሰለቱ ይበልጥ ይወጠርና የማርሽ ሳጥኑን መውጫ ኩሽኔታ ይጎዳል። ከኋላው ክብ ላይ ሰንሰለቱን ወደ ኋላ ሳቡት፤ የጥርሱ ግማሽ ከታየ ሰንሰለቱና ሁለቱም ክቦች አብረው መቀየር አለባቸው።

ዘይት የሚታየው ሞተር ሳይክሉ በደልዳላ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ ሠርቶና ጠፍቶ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ደቂቃ ካረፈ በኋላ ነው። በጎን መቆሚያው እንደተዘነበለ ያየ ሰው የተሳሳተ ልክ ያነባል። የፍሬን ሸራ ውፍረት ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ይቀየር። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ይለወጣል፤ ምክንያቱ ዘይቱ ከአየር ውስጥ እርጥበት ስለሚስብ ነው። እርጥበት የያዘ ዘይት በረጅም ቁልቁለት ሲግል ይፈላል፣ አረፋ ይፈጥራል፣ የፍሬኑ እጀታም ያለ ምንም ኃይል እስከ መሪው ድረስ ይገባል። ከተማ ውስጥ ለዓመታት ያልታየ ችግር በመጀመሪያው ተራራ ላይ የሚገለጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ባትሪ፦ ከቆመ በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ነው። ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ሲሰጠው ከ13.8 እስከ 14.5 ካልደረሰ ዲናሞው ወይም ሬጉላተሩ አይሞላም። ከዚያ መብራቶች፣ ፍሬቻ፣ ክላክስ። በመጨረሻ የስፖኪዮ፣ የዕቃ መጫኛ፣ የታርጋና የማርሚታ ብሎኖችን በእጅ እየነቀነቃችሁ ሞክሩ፤ ንዝረት የሚፈታቸው እነዚህን ነው።

የጎማው ክር የታየ፣ ሸራው ያለቀ ወይም የፊት ሞላው ዘይት ወደ ፍሬኑ የፈሰሰ ሞተር ሳይክል ካለ ያ ሞተር ሳይክል አይወጣም። ባለቤቱ ከጓደኛው ጀርባ ይፈናጠጥ፣ ወይም ሁላችሁም ቀኑን ግፉት።

ጥያቄ፦ እኔ 125 ሲሲ ነው የምነዳው፤ ጓደኞቼ 400 እና 650። አብሬ ብወጣ ሸክም እሆንባቸዋለሁ ወይ? ነዳጅስ እንዴት እናስላ?

መልስ፦ ሸክም አይሆኑም፣ ፍጥነቱ በእርስዎ ሞተር ሳይክል ልክ ከተወሰነ። ይህንን ከመነሳታችሁ በፊት በግልጽ ይናገሩት፤ መንገድ ላይ በዝምታ የሚፈታ ጉዳይ አይደለም። ትንሽ ሞተር ቀኑን ሙሉ እስከ መጨረሻው ተጨምቆ መነዳት የለበትም። ከፍተኛ ፍጥነቱ 100 ኪ.ሜ ከሆነ በ75 ኪ.ሜ ይጓዝ። በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ ሞተር ረጅም ሰዓት በከፍተኛ ዙር ሲሠራ ዘይት ይበላል፤ የ125 ሲሲ ሞተር የሚይዘው አንድ ሊትር ገደማ ስለሆነ 300 ሚሊ ሊትር ሲጎድል አንድ ሦስተኛው ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ በየማለዳው ዘይት ይዩ። አንድ ሊትር ዘይት ለቡድኑ ይያዝ፤ የሚበዙት ሞተር ሳይክሎች የሚቀበሉት 10 ደብሊው 40 (የዘይቱ ውፍረት ደረጃ)፣ ለሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን መስማማቱን የሚያሳየው «ጃሶ ኤም.ኤ» የሚል ምልክት ያለበት ይሁን። አንዳንድ የመኪና ዘይቶች ሰበቃ የሚቀንስ ቅመም ስላላቸው በዘይት ውስጥ የሚሠራውን የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ያንሸራትቱታል።

ነዳጅን በተመለከተ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያልቅበት ትንሹ ሞተር ሳይክል ይመስለዋል። እናስላው። የእርስዎ ታንክ 11 ሊትር ቢይዝና በጭነትና በፍጥነት ምክንያት በሊትር 32 ኪ.ሜ ቢሄድ 352 ኪ.ሜ ይሆናል። የጓደኛዎ 650 ሲሲ 14 ሊትር ይዞ በሊትር 20 ኪ.ሜ ቢሄድ 280 ኪ.ሜ ነው። ቀድሞ የሚቆመው ትልቁ ነው! ከሁሉም አጭሩን ርቀት ውሰዱና በ0.7 አባዙት፤ እዚህ ላይ 196 ኪ.ሜ ይመጣል። መላው ቡድን ከዚያ በፊት ይቀዳል። የተቀረው 30 በመቶ ለተቃራኒ ነፋስ፣ ለዳገት፣ ለተዘጋ ማደያና መንገድ ስቶ ለመመለስ ነው። አንዱ ሲቀዳ ሁሉም ይቅዳ፤ «የእኔ ገና ነው» የሚል ሰው ከ50 ኪ.ሜ በኋላ ሁሉንም እንደገና ያስቆማል። ነዳጅ በፓምፕ የሚረጩ ሞተር ሳይክሎች ላይ ታንኩን እስከ ጠብታው መጨረስ ሌላም ጉዳት አለው፤ ፓምፑ የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው ነዳጅ ነው።

ተራራ ከወጣችሁ ደግሞ ከፍታው በየ1000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ጉልበት ከሞተሩ ይወስዳል። 650ው ብዙም አይሰማውም፤ 125ቱ ግን ከባድ መኪና ለመቅደም የሚያስፈልገውን አቅም ያጣል። በዳገት ላይ ጓደኞችዎ ስለቀደሙ ብቻ ተከትለው አይቅደሙ።

ጥያቄ፦ በመንገድ ላይ እንዴት ተሰልፈን እንሂድ? ባለፈው ጉዞ ሁለታችን ተነጥለን ስልክም አልሠራ ብሎ ሦስት ሰዓት ተፈላልገናል።

መልስ፦ ሁለት ሰው ይሰየም፦ መሪና ጅራት። መሪው መንገዱን የሚያውቀው ነው፤ ጅራቱ ደግሞ ልምድ ያለውና መሣሪያ የያዘው ይሁን፣ ምክንያቱም የተበላሸን ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው እሱ ነው። አዲስ ነጂ ወይም ትንሽ ሞተር ሳይክል ከመሪው ቀጥሎ ሁለተኛ ይሰለፍ። መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ ስህተት ነው፤ ፊት ያለው በ80 ሲሄድ፣ ታጠፍ ዘርጋ በሚለው ሰልፍ ምክንያት መጨረሻ ያለው ለመድረስ 100 እና 110 መንዳት ይገደዳል። ከሁሉም ደካማው ከሁሉም እንዲፈጥን የተፈረደበት ያኔ ነው።

በሰፊና ቀጥ ባለ መንገድ አንዱ በመስመሩ ግራ፣ ቀጣዩ በቀኝ እየሆኑ በስብጥር መሄድ ጥሩ ነው፤ በሰያፍ ከፊታችሁ ካለው አንድ ሰከንድ፣ በእናንተው ጎን ቀጥታ ከፊታችሁ ካለው ሁለት ሰከንድ ራቁ። መጠምዘዣ፣ ጠጠር፣ ዝናብና ጠባብ መንገድ ሲመጣ ሰልፉ አንድ መስመር ይሁንና ርቀቱ ይጨምር። ጎን ለጎን መንዳት ፈጽሞ አይገባም፤ ጉድጓድ ሲመጣ መሸሻ አይኖራችሁም። ከስድስትና ከሰባት በላይ ከሆናችሁ ለሁለት ተከፈሉ።

ላለመጠፋፋት ከማንኛውም መሣሪያ የሚበልጥ አንድ ሕግ አለ። እያንዳንዱ ሰው የሚጠብቀው ከኋላው ያለውን ብቻ ነው። ታጥፋችሁ ከመሄዳችሁ በፊት፣ ተከታያችሁ መታጠፊያውን እስኪያይ ድረስ እዚያው ቁሙ። ይህ ሕግ ከተከበረ ስልክ ባይሠራም ማንም አይቀርም፤ ከኋላ የቀረ ሰው ባለበት ይቆያል፣ ሰልፉም ከኋላ ወደ ፊት ተራ በተራ እየቆመ በመጨረሻ ወደ እሱ ይመለሳል። ከዚህ ሌላ፣ በየማለዳው «ከተለያየን እዚህ ቦታ፣ በዚህ ሰዓት» የምትሉት አንድ ነጥብ ይኑራችሁ። ካርታውንም ያለ ኔትወርክ እንዲሠራ ማታውኑ በስልካችሁ ላይ አውርዱ።

ወደ ከተማ ስትገቡና መጋጠሚያዎች ላይ ይበልጥ ንቁ። በ1981 እ.ኤ.አ. የታተመውና በሎስ አንጀለስ 900 የሞተር ሳይክል አደጋዎችን በየቦታው የመረመረው የተመራማሪው የሃሪ ኸርት ጥናት፣ ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ከተደረጉት ግጭቶች ሁለት ሦስተኛ በሚሆኑት ቅድሚያ የነፈገው የሌላው ተሽከርካሪ ነጂ መሆኑን አሳይቷል። በቡድን ስትሄዱ ደግሞ ባለመኪናው መሪያችሁን አሳልፎ «አለፈ» ብሎ ሊገባ ይችላል። ሁለተኛው ሞተረኛ የፊተኛው ስላለፈ ብቻ መንገዱ ለእሱም ክፍት ነው ብሎ አያስብ።

ጥያቄ፦ ጎማ በመንገድ መሐል ቢበሳ ጎሚስታ በሌለበት ምን እናድርግ? ምንስ ይዘን እንውጣ?

መልስ፦ መጀመሪያ የጎማችሁን ዓይነት እወቁ፤ በአንድ ቡድን ውስጥ ሁለቱም ዓይነት መኖሩ የተለመደ ነው። ቸርኬው ባለ ሽቦ ከሆነ በአብዛኛው የውስጥ ጎማ አለው፣ የውጩ ጎማ ላይ «ቲዩብለስ» (የውስጥ ጎማ የማይፈልግ) ተብሎ ቢጻፍም እንኳ። ወጥ የሆነ ቸርኬ በብዛት የውስጥ ጎማ የለውም።

የውስጥ ጎማ ከሌለው ሥራው የሩብ ሰዓት ነው፤ ጎማው መፈታት አያስፈልገውም። ሚስማሩን ከመንቀላችሁ በፊት ቦታውን በጠመኔ ወይም በናስትሮ ምልክት አድርጉና የገባበትን አቅጣጫ ተመልከቱ። በፒንሳ በዚያው አቅጣጫ ሳቡት። ባለ ሻካራ ጫፉን መሞረጃ በዚያው አቅጣጫ አስገብታችሁ አምስት ስድስት ጊዜ ሞርዱ። ብዙዎች ጎማውን የሚያሰፉት ስለሚመስላቸው እዚህ ላይ ይሰስታሉ፤ ካልሞረዳችሁ ግን በጎማው ውስጥ ያለው የተቆረጠ የብረት ክር መድፈኛውን ጥቂት ከተጓዛችሁ በኋላ ሊበጥሰው ይችላል። መድፈኛውን የጎማ ገመድ በመርፌው ቀዳዳ እስከ እኩሌታው አስገቡ፣ ማስቲሽ ቀቡት፣ ውጪ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል እስኪቀር ግፉትና መርፌውን በፍጥነት ሳቡ። የተረፈውን ቁረጡ፣ ንፉ፣ ምራቅ ወይም ውሃ አድርጉበት፤ አረፋ ከታየ ሁለተኛ መድፈኛ ይጨመር። ከዚያ በኋላ ከ80 ኪ.ሜ በላይ አትንዱ፤ ከ10 ኪ.ሜ በኋላ ቁሙና ግፊቱን ለኩ። ጎማው ከውስጥ እስኪለጠፍ ወይም እስኪቀየር ይህ ጊዜያዊ ነው። በጎኑ ላይ የተቀደደ ጎማ ግን አይደፈንም።

የውስጥ ጎማ ካለው መፍታት ግድ ነው። የጎማውን ማውጫ ብረት ሦስት፣ የአክስሉን ዳዶ የሚፈታ ቁልፍና ትርፍ የውስጥ ጎማ ያስፈልጋል። የፊትና የኋላው ልክ ከተለያየ የፊቱን ያዙ፤ ቀጭኑ ተነፍቶ በሰፊው ውስጥ ለጊዜው ይሠራል፣ ሰፊው ግን በቀጭኑ ውስጥ ታጥፎ ይቀደዳል። የጎማው ከንፈር (ቸርኬውን የሚይዘው ጠርዝ) የሚወጣው በጉልበት አይደለም፤ ከተቃራኒው ወገን በጉልበታችሁ ተጭናችሁ ከንፈሩን ወደ ቸርኬው መካከለኛ ጎድጓዳ ካስገባችሁት ማዶው በራሱ ይላላል። ሳሙና ያለበት ውሃ ቀቡት። አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት የውጩን ጎማ ውስጡን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ዳስሱ፤ የበሳው እሾህ እዚያው ተሰክቶ ሊሆን ይችላል። የውስጡ ጎማ ቅርጽ እስኪይዝ ጥቂት አየር ይሰጠው፤ ባዶውን ከገባ ማውጫ ብረቱ ይነክሰዋል። ሁለተኛ የሚበሳውም በአብዛኛው በዚህ ነው። ጎማው ተመልሶ ሲገባ የማዞሪያ ቀስቱን አቅጣጫ አረጋግጡ። ከመንቀሳቀሳችሁ በፊትም ፍሬኑ እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ጭመቁ፤ ሸራዎቹ ስለተከፈቱ የመጀመሪያው ጭመቃ ባዶ ነው።

ለመንፋት ከባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ከጋዝ ጣሳ ይመረጣል። ባለ 16 ግራም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጣሳ አንዷ ለትልቅ የኋላ ጎማ አትበቃም፤ ሦስት ወይም አራት ያስፈልጋሉ፣ ሲከፈቱም በረዶ ስለሚሆኑ ባዶ እጅ ያቃጥላሉ። ለአምስት ሰው አንድ ፓምፕ፣ አንድ መድፈኛ ኪትና ለእያንዳንዱ የጎማ ልክ አንድ የውስጥ ጎማ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ዕቃዬን በላስቲክ ገመድ ኋላ ላይ አስራለሁ። በመጠምዘዣ ላይ መሪው ይንቀጠቀጥብኛል። ምን ይሆን?

መልስ፦ ክብደቱ ወደ ኋላና ወደ ላይ ስለሄደ የፊት ጎማው ቀሎብዎት ነው። ብዙ የኋላ መጫኛዎች የተሠሩት ከ3 እስከ 10 ኪሎ ግራም እንዲሸከሙ ነው፤ ቁጥሩ ራሱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከባዱን ዕቃ፣ ማለትም መሣሪያና ውሃ፣ ወደ መቀመጫው ቅርብ፣ ዝቅ ብሎ በሁለቱም ጎን እኩል ያድርጉት። ቀላሉ፣ ለምሳሌ የመኝታ ከረጢት፣ ኋላ ላይ ይሁን። የኋላውን ሞላ ማስተካከያ አንድ ሁለት ደረጃ ያጥብቁ፤ ያን ሲያደርጉ ከፊት የሚመጡትን ሰዎች ዓይን የሚያጠፋው የፊት መብራትም ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህ ሁሉ ሆኖ መንቀጥቀጡ ካልጠፋ የጎማ ግፊትና የመሪው ኩሽኔታ ይታይ።

ላስቲክ ገመዱን ተዉት። ጭነቱ በዘለለ ቁጥር ይለጠጣል፣ መንጠቆው ሲያመልጥም ፊት ላይ ይመጣል። የማይለጠጥ፣ ባለ መቆለፊያ ቀበቶ ይጠቀሙና ትርፍ ጫፉን ጠቅልለው ይሰሩት፤ የተንጠለጠለ ጫፍ ሰንሰለት ውስጥ ገብቶ የኋላ ጎማ ሊያስር ይችላል። ከማርሚታው አጠገብ ያለው ቦርሳ ሲነዱ ነፋስ ስላለ ላይቃጠል ይችላል፤ ቆመው ሲያወሩ ግን ሊቀልጥ ይችላል።

ጥያቄ፦ የፍሪሲዮን ገመድ ቢበጠስ ወይም ባትሪ ቢሞት ጉዞው አለቀ ማለት ነው?

መልስ፦ አላለቀም። ፍሪሲዮን የሌለውን ሞተር ሳይክል ፎሌ (ማርሽ ያልገባበት) ላይ አስነስታችሁ፣ ጓደኛ ከኋላ እየገፋ ጥቂት ሲንቀሳቀስ አንደኛ ማርሽ አስገቡ። ማርሽ ለመጨመር በእግር ቀለል አድርጋችሁ ጫን ብላችሁ ያዙና ነዳጁን ለአንድ አፍታ ልቀቁት፤ ራሱ ይገባል። ለመቀነስ ደግሞ ነዳጅ ትንሽ ሰጥታችሁ ዙሩን ከፍ አድርጉ። ለመቆም ወደ ፎሌ መልሱ። ይህ እስከሚቀጥለው ከተማ የሚያደርስ እንጂ በተጨናነቀ መንገድ የሚሞከር አይደለም። ገመዱ ከመበጠሱ በፊት በእጀታው በኩል ክሮቹ አንድ በአንድ ይላላጣሉ፤ ማታ ስትፈትሹ እጀታውን ስባችሁ እዩት። ትርፉን ገመድ ከአሮጌው ጎን ዘርግቶ በፕላስቲክ ማሰሪያ ማሰር ከሁሉም ይሻላል።

የባትሪው መፍትሔ በሞተር ሳይክሉ ዓይነት ይለያያል። ካርቡሬተር ያለው በሁለተኛ ማርሽ ተገፍቶ ይነሳል። ነዳጅ የሚረጭ ከሆነ ፓምፑና ኮምፒዩተሩ የተወሰነ ቮልት ይፈልጋሉ፤ መብራቱ ፈዞ እንኳ ካለ ግፊቱ ይሠራል፣ ጭራሽ ከጨለመ ግን ብትገፉት በከንቱ ትደክማላችሁ። ያኔ ከጓደኛ ባትሪ በሽቦ ውሰዱ፦ ቀይ ከሞተው ፖዘቲቭ፣ ከዚያ ከደህናው ፖዘቲቭ፤ ጥቁር ከደህናው ኔጋቲቭ፣ መጨረሻ ከሞተው ሞተር ሳይክል ቀለም ከሌለው ብረት አካል ጋር። ከተነሳ በኋላ ቮልቱን ለኩ። 14 አካባቢ ካልደረሰ ችግሩ ባትሪው ሳይሆን የሚሞላው ክፍል ነውና ስትቆሙ ይደገማል።

«ምንም ኤሌክትሪክ የለም» ከማለታችሁ በፊት ግን ዋናውን ፊውዝ፣ የባትሪውን ብሎኖች፣ የጎን መቆሚያውን ማብሪያ ማጥፊያና በመሪው ላይ ያለውን ቀይ ቁልፍ እዩ። ከቆመ ሞተር ሳይክል ብዙው በእነዚህ ይፈታል።

ጥያቄ፦ ዕቅድ ስለሌለን ሁሌም ይመሽብናል። ቀስ ብሎ በሌሊት መንዳት ይቻላል?

መልስ፦ ጥያቄው «ቀስ» ስንት ነው የሚለው ነው። ዝቅተኛው የፊት መብራት በአብዛኛው ከ50 እስከ 60 ሜትር ያሳያል። በ90 ኪ.ሜ በሰዓት በእያንዳንዱ ሰከንድ 25 ሜትር ይሄዳሉ፤ አይቶ ፍሬን እስኪይዙ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅ 37 ሜትር አልፏል፣ ለመቆም ደግሞ በደረቅ አስፋልት ሌላ 45 ሜትር ያህል ያስፈልጋል። ድምሩ ከ80 ይበልጣል፤ መንገድ ላይ የቆመች ላም ግን የምትታየው በ55 ሜትር ላይ ነው። በ60 ኪ.ሜ ሁለቱ ተደምረው 45 ሜትር ናቸው። በማያውቁት መንገድ ላይ የሌሊት ጣሪያው ይህ ነው፤ እሱም መንገዱ ደረቅ ከሆነ።

በእኛ እምነት የሚሻለው፣ ማደሪያ ባይያዝም የመቆሚያ ሰዓት መያዝ ነው። ፀሐይ ከመጥለቋ ሁለት ሰዓት በፊት «ዛሬ የት እናድራለን?» ተብሎ ይጠየቅ፣ ከአንድ ሰዓት በፊት ይወሰን። መድረሻ የሌለው ሰው ትልቁ ሀብቱ ባለበት ማደር መቻሉ ነውና ይጠቀምበት።

ጥያቄ፦ ለብርድና ለዝናብ ምን እንያዝ? ቦታ የለንም።

መልስ፦ ቦታ ካጠረ አንድ ነገር ያዙ፤ ነፋስና ውሃ የማያስገባ ቀጭን የዝናብ ልብስ፣ ከጃኬት በላይ የሚለበስ። በ10 ዲግሪ ሙቀት በ100 ኪ.ሜ ሲነዱ ለተጋለጠ ቆዳ የሚሰማው 4 ዲግሪ ያህል ነው፤ በየ1000 ሜትር ከፍታም ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ብርዱ በመጀመሪያ የሚይዘው ጣቶችን ነው፣ ፍሬን የሚይዙትም እነሱ ናቸው፤ ሁለተኛ ደረቅ ጓንት ሳይዙ አይውጡ። ዝናብ ሲጀምር የመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ከሁሉም ይከፋሉ፣ የደረቀው ዘይትና አቧራ ገና አልታጠበም፤ ለእረፍት የሚቆመው ያን ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ ከመካከላችን አንዱ ቢወድቅ ሄልሜቱን እናውልቅለት?

መልስ፦ የሚተነፍስና የሚያናግር ከሆነ አታውልቁ፤ የአንገት ጉዳት ካለ ሊባባስ ይችላል። የሚወልቀው እስትንፋሱ ከቆመ ወይም ማስታወክ አፉን ከዘጋው ብቻ ነው፣ ያም በሁለት ሰው። አንዱ ከራስጌ ተንበርክኮ ሄልሜቱን በሁለት እጁ እንዳይነቃነቅ ይይዛል። ሌላው የፊቱን መስታወት ከፍቶ ማሰሪያውን ይፈታል፣ አንድ እጁን ከአንገት በታች፣ ሌላውን አገጭ ላይ አድርጎ ጭንቅላቱን ይደግፋል። የመጀመሪያው ሰው ሄልሜቱን ወደ ጎን ከፈት አድርጎ፣ አፍንጫን እስኪያልፍ ወደ ኋላ ትንሽ እያዘነበለ ቀስ ብሎ ይስባል።

ከዚህ በፊት ግን ሌላ ሥራ አለ። አንድ ሰው ወደ ኋላ ከ100 እስከ 150 ሜትር ሮጦ የሚመጡትን መኪኖች ያስቁም፤ ሁለተኛ አደጋ የሚደርሰው በረዳቶች ላይ ነው። አንዱ የአደጋ ስልክ ይደውል። አንዱ የወደቀውን ሞተር ሳይክል ቁልፍ ያጥፋ። የሚፈስ ደም በንጹሕ ጨርቅ በቀጥታ ተጭኖ ይያዝ፤ ከእጅ ወይም ከእግር በኃይል እየፈሰሰ በመጫን ካልቆመ፣ ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ ሰፊ ጨርቅ በእንጨት ተጠምዝዞ ይታሰርና የታሰረበት ሰዓት ይጻፍ።

ተነስቶ «ደህና ነኝ» ያለውን ቶሎ አትመኑት። ድንጋጤ ሕመምን ለጊዜው ይደብቃል። አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ከጠየቀ፣ ካስታወከ፣ ራሱን ካመመው ወይም የሆነውን ካላስታወሰ ጭንቅላቱ ተመቷል፤ በዚያ ቀን እንዳይነዳ ቁልፉን ውሰዱና ሐኪም ዘንድ አድርሱት። ሄልሜቱም ከዚያ በኋላ ከውጭ ጭረት ብቻ ቢታይበት እንኳ ይቀየር፤ ምቱን የሚውጠው ውስጡ ያለው ፎም አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም።

ጥያቄ፦ አንዱ ጓደኛችን በሁለተኛው ቀን ልመለስ ሲል ሁሌም ጠብ ይነሳል። ደግሞም የጋራ ወጪ ያጣላናል።

መልስ፦ ከመነሳታችሁ በፊት «መመለስ የፈለገ ይመለሳል፣ ማንም አያግባባውም» ተባባሉ። ሳይወድ የሚነዳ ሰው ሐሳቡ መንገዱ ላይ አይደለም። ብቻውን ግን አይመለስ፤ አንድ ሰው ቢያንስ እስከ ዋናው መንገድ ያድርሰው። የሚመለሰው ሰው የጋራውን ፓምፕ ወይም መሣሪያ ይዞ እንዳይሄድ ከመለያየታችሁ በፊት ቦርሳዎቹ ይታዩ። ገንዘብ በየማለዳው እኩል ይዋጣና አንድ ሰው ይያዝ፤ ከእሱ የሚወጣው ማደሪያ፣ ምግብና የጎማ ጥገና ነው። ነዳጅ ግን እያንዳንዱ ለራሱ ይክፈል፤ በሊትር 40 ኪ.ሜ የሚሄድና 20 የሚሄድ እኩል ሲያዋጡ ቅሬታው ከዚያ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ ስልኬን መሪው ላይ አስሬ ካርታ እያየሁ እነዳለሁ። ካሜራው ማጥራት አቆመ። ይገናኛል?

መልስ፦ ይገናኛል። በካሜራው ውስጥ ምስል የሚያረጋጋው ተንቀሳቃሽ ሌንስ ለሞተር ሳይክል ንዝረት አልተሠራም፤ አፕልም በ2021 እ.ኤ.አ. ስልኮቹ ከፍተኛ ኃይል ካላቸው የሞተር ሳይክል ሞተሮች ንዝረት ጋር በቀጥታ እንዳይታሰሩ አስጠንቅቋል። ንዝረት የሚውጥ ላስቲክ ያለው መያዣ ይግዙ፤ ካልሆነም አሮጌ ስልክ ላይ ካርታውን ጭነው እሱን ያስሩ። ዋናው ስልክ ኪስዎ ውስጥ ይሁን፤ ቢወድቁ ከሞተር ሳይክሉ ጋር ርቆ የሚሄድ ስልክ ለመደወል አይጠቅምም።